የኳራንቲን አርባ ቀን

የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሙን ብቻ ይዞ ማለፍ ይቻላል፤ አመጣጡን ያዩለት ቃል ግን ቶሎ አይረሳም። ኳራንቲንን እንውሰድ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ከውጭ የመጣ መንገደኛ ለ14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ በታዘዘ ጊዜ ቃሉ በየቤቱ ተለመደ። ሥሩ የቬኒስ ጣልያንኛ ሲሆን አርባ ቀን ማለት ነው።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ አውሮፓን ሲፈጅ የወደብ ከተሞች በመርከብ የሚመጣውን ሰው ፈሩ። ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው ራጉሳ በ1377 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ካለበት ስፍራ የመጣ ሁሉ ከከተማዋ ውጭ 30 ቀን እንዲቆይ ደነገገች። ቀኑ በኋላ ወደ 40 ከፍ አለ፤ ቬኒስም በ1423 እ.ኤ.አ. ለሕሙማኑ አንዲት ደሴት ለየች።

የሚገርመው፣ ቁጥሩ ቢሻርም ስሙ አልተሻረም። 7 ቀንም ይሁን 14 ቀን ተለይተን ስንቀመጥ፣ ሳናውቀው «አርባ» እያልን ነው። በደህና መዝገበ ቃላት ውስጥ ይህን የምትነግረን አንዲት አጭር መስመር ናት። ተማሪ ትርጉሙን ካየ በኋላ እሷንም ቢያነብ፣ ከቃሉ ጋር የአንድ ዘመን ታሪክ በነጻ ያገኛል።