ጎኖቹ የማይመሳሰሉት ትራንዚስተር
ከጎንደር ወደ ሁመራ ሲወረድ ሳንጃ ላይ ሙቀቱ ይበረታል። በእንዲህ ያለ ቆላ፣ ከሰሊጥ ማሳ መሃል ስልክ ሲጠራ የማደንቀው ኤልዲሞስ የተባለውን ትራንዚስተር ነው፤ በብዙ የሞባይል ማማዎች የሬዲዮ ሞገዱን የሚያጎላው እሱ ነው።

ኤሌክትሮኖች የሚገቡበት ሶርስና የሚወጡበት ድሬን የተባሉት ሁለቱ ጎኖቹ ሆን ተብሎ አይመሳሰሉም። በድሬን በኩል ጥቂት ባዕድ አቶሞች ብቻ የተጨመሩበት ረዘም ያለ ሲሊከን አለ፤ በ28 ቮልት እየሠራ ከ60 ቮልት በላይ የሚችለው በዚህ ነው። በሶርስ በኩል ደግሞ ቦሮን በምድጃ ሙቀት ፍሰቱን ከሚቆጣጠረው ጌት ስር ወደ ጎን እንዲሰርግ ይደረጋል፤ የኤሌክትሮኖቹ መተላለፊያ ርዝመት የሚወሰነው በዚህ ስርገት ነው። ቀጭን መስመር መሳል ከባድ በነበረበት ዘመን ሙቀትን መለኪያ ማድረግ፣ ለእኔ ከሁሉ የላቀው ብልሃት ነው። ሶርሱ በጀርባው በኩል ከተቀመጠበት ብረት ጋር ስለሚገናኝም ግለቱ ያለ መከለያ በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል።