የዳዊት ዙፋን ወደ እኛ መጥቷል? ክብረ ነገሥትን ስናነብ

በወጣት ኅብረታችን «የማያልፍ መንግሥት» ሲባል ወዲያው ዳንኤል 7ን እንገልጣለን። ዛሬ ግን አብዛኞቻችሁ ከፍታችሁት የማታውቁትን መጽሐፍ እንድታነቡ ልለምናችሁ ነው፤ ክብረ ነገሥትን። በአማርኛ ትርጉም ይገኛል። «ተረት ነው» ብላችሁ አትለፉት። እግዚአብሔር ለዳዊት የሰጠውን የዘላለም ዙፋን ተስፋ (2ኛ ሳሙኤል 7) አባቶቻችን እንዴት እንደ ተረዱት የሚያሳይ፣ አገር የኖረበት ትርጓሜ ነው።

አገር የኖረበት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከወሰዳቸው መጻሕፍት አንዱ ይህ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ወደ ለንደን ጽፈው፣ ያለ እርሱ ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው ገልጸው አስመለሱት። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ዘውዱ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ በሚወርደው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘር ለዘላለም ይጸናል አለ። ያ «ለዘላለም» 19 ዓመት እንኳ አልሞላም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ወሰዷቸው።

እንደ ድርሰት ካየነው መጽሐፉ ብርቱ ነው። የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ በታቦቱ ልክ ጣውላ አስጠርቦ በሌሊት በቦታው ሲተካ ልብ ይሰቅላል። ታቦቱን የያዙት ተጓዦች ከምድር ክንድ ያህል ከፍ ብለው ይበርራሉ፤ ጠዋት ከአያት ወደ ቦሌ የሚመላለስ አንባቢ እዚህ ላይ መቅናቱ አይቀርም። እኔን ከሁሉ የሚይዘኝ ግን የሰሎሞን ልቅሶ ነው። ደራሲው የአሸናፊውን ታሪክ እየጻፈ የተነጠቀውን ሽማግሌ እንባ አልሸሸገም።

ቅሬታዬ ከተስፋው አያያዝ ላይ ነው። በ2ኛ ሳሙኤል ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ልሥራ ሲል፣ ቤት የምሠራልህ እኔ ነኝ የሚል መልስ ይደርሰዋል። ተስፋው በሰጪው እጅ ነው። በክብረ ነገሥት ግን፣ ፈቃዱ የእግዚአብሔር ነው ቢባልም፣ ተስፋው እንደ ዕቃ ይነሣል፣ ይጫናል፣ አገር ይለውጣል፤ የተሸከመው ይነግሣል፣ ያጣው ይዋረዳል።

ደራሲው ግን ከዚህ አልፎ አይቷል። ሰሎሞን በሕልሙ በእስራኤል ላይ ታበራ የነበረች ፀሐይ ወደ ኢትዮጵያ ስትሄድ ያያል። ይህን ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ በኋላ ሌላ ፀሐይ፣ ከፊተኛዋ የምትበልጥ፣ በይሁዳ ትወርዳለች፤ ሊያጠፏት ይነሣሉ፣ እርሷ ግን ታሸንፋለች። ይህች ክርስቶስ ናት። ነገሥታቱ የተደገፉት በመጀመሪያዋ ፀሐይ ነው፤ ሁለተኛዋ ግን የመጀመሪያዋን ጥያቄ ራሱን ዘግታዋለች። ሉቃስ 1፥32-33ን አስተውሉ፤ መልአኩ የዳዊትን ዙፋን የሚሰጠው ለማርያም ልጅ ነው። እርሱ ሞትን አሸንፎ ስለሚኖር አልጋ ወራሽ የለውም። ታዲያ «ከእርሱ በኋላ ማን?» ብሎ የዘር ሐረግ መቁጠር ለምን?

ይህን የማነሣው የቆየ ዘውድ ለመውቀስ አይደለም። ከቦሌ እስከ ሰሚትና ሲኤምሲ ባሉ አዳራሾቻችን፣ ወንጌላዊ አማኝ ሥልጣን ሲይዝ «አሁን ተራው የእኛ ነው» የሚል ጸሎት ይሰማል። ለመሪዎች መጸለይ ታዘናል፤ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል። ነገር ግን የማያልፈውን መንግሥት ለአንድ ባለሥልጣን ዘመን ስናስረክብ እኛም የአዛርያስን ጣውላ እየጠረብን ነው። ባለሥልጣኑ ሲወርድ፣ ወይም ሲያጠፋ፣ ያኔ በጌታ ላይ የሚያጉረመርመው ይህንን ከእኛ የሰማው ወጣት ነው። ኢየሱስ በጲላጦስ ፊት መንግሥቱ ከዚህ ዓለም እንዳልሆነ ሲናገር እጁ ታስሮ ነበር። አንድም ባለሥልጣን ከጎኑ አልቆመም፤ ግን ንጉሥ መሆኑን አልካደም።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ የሰሎሞንን ሕልም ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ አስከትላችሁ ዮሐንስ 18ን። ከዚያ ስለ አገራችን የምንዘምራቸውን መዝሙሮች አንድ በአንድ አንሥታችሁ፣ የትኛዋን ፀሐይ እንደሚያወድሱ ተከራከሩ።