ከማን ጋር በሉ?

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት መኳንንትና ካህናት ልጅ ኢያሱን «ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል» ብለው ሻሯቸው። ከቀረበባቸው ነገር ብዙው፣ ከሙስሊሞች ጋር ይበላሉ፤ ይጋባሉ፤ በሐረርም መስጊድ ይገባሉ የሚል ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ክርክሩን ፍታና እየው። ሙስሊም ከሙስሊም ጋር ይበላል፤ ኢያሱም ከሙስሊም ጋር በሉ፤ ስለዚህ ኢያሱ ሙስሊም ናቸው! በግ አራት እግር አለው፤ አልጋም አራት እግር አለው፤ እንግዲህ አልጋ በግ ነውን? በዚህ ሚዛንማ፣ ሥጋው ለየብቻ ቢታረድም በሰርግና በለቅሶ አብሮ ከሚውለው ከደሴና ከኮምቦልቻ ሕዝብ የማይከሰስ ቤት ከየት ይገኛል? አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል አስቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር የሚለውም ከዚህ አይሻልም። (ለዚያውም ንጉሡ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ነበር።) ዛሬ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው «ከእነ እገሌ ጋር ታይቷል» የሚለው ክስ የዚሁ የልጅ ልጅ ነው።

ይሁንና የኢያሱም ወዳጆች ክርክር ከዚህ አይሻልም። «ከሳሾቹ ሥልጣን ፈልገው ነው፤ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖችም ከቱርክና ከጀርመን ጋር መወዳጀታቸውን ጠልተው ገፋፍተዋል፤ ስለዚህ ክሱ ሐሰት ነው» ይላሉ። መገፋፋቱስ እውነት ነው። ነገር ግን ጥቅም ፈላጊም እውነት ሊናገር ይችላል፤ የከሳሽ ማስረጃ ስለ ደከመም ነገሩ ሐሰት ነው አይባልም። የሚባለው «አልተረጋገጠም» ብቻ ነው።

በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የወሎና የሸዋ ሠራዊት ሰገሌ ላይ ተገናኝቶ ተላለቀ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ።