የተለጠፈው ሁሉ አያይም

ሬቲናው፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ የተላቀቀ ዓይን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሁለት ጥያቄ ይቀርብለታል። ሬቲናው ቦታው ተመልሶ ተለጥፏል ወይ? ሰውየውስ ምን ያያል? የመጀመሪያው መልስ ዛሬ ደስ ያሰኛል፤ በጊዜ ከመጡት ከአሥሩ ስምንቱ ዘጠኙ በአንድ ቀዶ ሕክምና ይለጠፍላቸዋል። ሁለተኛው ግን ብዙውን ጊዜ በሽተኛው ኦፕራሲዮን ክፍል ሳይገባ ያለቀ ጉዳይ ነው።

የሚጨርሰው ማኩላ ነው፤ ፊደል የምንለይበት፣ የሰው ፊት የምናውቅበት የሬቲና መሐል። እዚያ ያሉት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ኦክስጅናቸውን የሚያገኙት ከሥራቸው ካለው ደም ሥር የበዛበት ሽፋን ነውና፣ ሲላቀቁ መሞት ይጀምራሉ። ማኩላው ሳይነካ የደረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እይታውን ይዞ ይወጣል። ከተነካ በኋላ በሳምንቱ በመጣና በወሩ በመጣ መካከል ያለውን ልዩነት የማንም እጅ አይሞላውም። እኛ ዘንድ ደግሞ ብዙው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ብልጭታ ያያል፣ ዝንብ መሳይ ነገር ይዞርበታል፣ ዝም ይላል፤ አያመውማ! ጥላው ከዳር ተነሥቶ መሐሉን ሲይዝ መነጽር ቤት ይሄዳል፣ ጠብታ ይገዛል፣ ጠበል ይገባል፤ ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ድሮ ቢሆን ቶሎ መምጣቱም ብዙ አይጠቅመውም ነበር። የሎዛኑ ሐኪም ዡል ጎኒን የነገሩ ሁሉ መነሻ ሬቲናው ላይ ያለ ቀዳዳ መሆኑን አሳይቶ፣ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቀዳዳውን እየዘጋ ማዳን እስኪጀምር ድረስ መጨረሻው መታወር ነበር። መሣሪያው ብዙ ተለውጧል፤ ቀዳዳውን ፈልጎ መዝጋቱ ግን ዛሬም ያው ነው።

ዓይንን የሚሞላውን ዝልግልግ ነገር፣ ቪትሪየሱን፣ አውጥተን አየር ስናስገባ፣ ከሥር ያቆረው ፈሳሽ በቀዳዳው በኩል ይመጠጣል፤ ግራጫ ሆኖ ሲወዛወዝ የነበረው ሬቲናም ቀስ እያለ ይተኛና የሥሩ ቀይ መልክ ብቅ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ እፎይ ይላል። እኔ ግን ሦስት ወር እጠብቃለሁ፤ ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር በሚሆኑት ላይ ጠባሳ በቅሎ ሬቲናውን መልሶ ይጎትተዋልና።

ስለዚህ ቀድሜ እናገራለሁ። «አባባ፣ ቢለጠፍም ማንበቡ ላይመለስ ይችላል፤ ቀጥ ያለውም ነገር ጠመም ብሎ ሊታይዎት ይችላል።» አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ሰው ሳይመራኝ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ከተመለስኩ ይበቃኛል» አሉኝ። በፊደል ሰሌዳችን ላይ ይህን የሚለካ መስመር የለም።

ሌላው ጣጣ መንገዱ ነው። ሬቲናው እስኪጣበቅ ደግፎ እንዲይዘው ዓይን ውስጥ የምንተወው ጋዝ እንደ ዓይነቱ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ይቆያል። አውሮፕላን ክልክል መሆኑን ሁሉም ሐኪም ይናገራል፤ በእኛ አገር ግን አውቶቡሱም ያሰጋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ጋዙ ይነፋል፣ የዓይኑ ግፊት ያሻቅባል፣ ነርቩ ይጎዳል። እዚህ የሚያሳርፈው ዘመድ ለሌለው እንዲህ ላለ ሰው በጋዙ ፈንታ ሲሊኮን ዘይት እመርጣለሁ፤ ከፍታ አይነፋውም። ዘይቱ ግን በኋላ በሌላ ቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት፤ ሳይወጣ ከከረመ ግፊትና ሞራ ያመጣል። ለዚህም የበሽተኛውን ብቻ ሳይሆን የልጁንም ስልክ ቁጥር ካርዱ ላይ አጽፋለሁ።