የምት መኪናና የሰው እጅ

ባለፈው ክረምት ለሥራ ወደ ጅቡቲ ከተማ ተጉዘን ካርቲየ 6 ውስጥ ጥቂት ቀናት አሳልፈን ነበር። ሙቀቱ ቀን ቀን ሰውን ሁሉ በየቤቱ ይዘጋበታል፤ ከመግሪብ በኋላ ግን መንደሩ ደጅ ይወጣል። ወንበሩም ምንጣፉም ከቆርቆሮ ቤቶቹ እየወጣ መንገድ ላይ ይዘረጋል። በሁለተኛው ሌሊት ከጎረቤት የሠርግ ድንኳን የሰማነው ሙዚቃ ነው ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን። ዘፋኙ አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በሶማልኛ እያፈራረቀ ያዜማል። ከበስተኋላው ያለው "ባንድ" ግን አንድ ሰውና አንድ ኪቦርድ ብቻ ነበር። ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ጡሩምባውም የሚወጡት ከዚያችው ሣጥን ነው።

አብሮን የነበረው የሥራ ባልደረባችን ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፣ "ይኼ ሙዚቃ አይደለም፤ መኪና ነው" አለ። እኛም በዚያች ሰዓት አልተከራከርነውም። እንዲያውም ለብዙ ዓመታት ስንናገረው የኖርነው ቃል ነበርና ከሌላ ሰው አፍ ስንሰማው ደነገጥን። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው ያን ያልተከራከርነውን ክርክር ዘግይተን መጀመር ነው። አንባቢያን እንዳይሳሳቱ፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን።

ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት ከካርቲየ 6 ርቆ መሄድ ግድ ይላል። በ1981 ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቲቢ-303 የምትባል አነስተኛ ሣጥን ለገበያ አቀረበ። ንድፏን ያወጣው ታዳዎ ኪኩሞቶ የሚባል መሐንዲስ ነው። የታሰበችው ብቻውን ለሚለማመድ የጊታር ተጫዋች የቤዝ ጊታርን ቦታ ተክታ እንድታጅበው ነበር። ዳሩ ግን ለተሠራችበት ተግባር አልበቃችም። ድምፅዋ ቤዝ ጊታርን ጨርሶ አይመስልም። ዜማ ማስያዙም የሚያሰለች ነው፤ የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ለብቻ፣ የርዝመቱ ልክ ደግሞ ለብቻ ይሞላል። ገዢ በማጣቷ በ1984 ምርቷ ተቋረጠ። እስከዚያ ድረስ የተሠሩት 10,000 ያህል ሲሆኑ ብዙዎቹ በአሮጌ ዕቃ መደብሮች በርካሽ ዋጋ ወደቁ።

ከእነዚህ ከወደቁት አንዷን ቺካጎ ውስጥ ስፓንኪ የሚባል ወጣት ገዛት። በዚያች ከተማ ሐውስ የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ ቀደም ብሎ በቅሎ ነበር። ስሙ የመጣው ፍራንኪ ናክልስ ሸክላ ያጫውትበት ከነበረው ዌርሀውስ ከተባለው የጭፈራ ቤት ነው ይባላል። ወደዚያ ይጎርፉ የነበሩት አብዛኞቹ በቆዳቸው ቀለምም በአኗኗራቸውም ምክንያት በሌላ ቦታ በር የሚዘጋባቸው ወጣቶች ነበሩ። ስፓንኪና ጓደኞቹ ዲጄ ፒየርና ኸርብ ጄ ሣጥኗን ሲነካኩ፣ በላይዋ ካሉት ቁልፎች አንዱ ድምፁን እንደ ጠላ የሚያጠልል መሆኑን ልብ አሉ። ማጥለያው ሲጠብ ድምፁ ይደፈናል፤ ሲሰፋ ይጮኻል። ሌላው ቁልፍ ደግሞ ማጥለያው አፍ ላይ የደረሰውን ድምፅ አጉልቶ ያስለቅሰዋል። ሦስቱ ወጣቶች ዜማውን ትተው ቁልፉን ሙዚቃ አደረጉት። አንዲት አጭር ሐረግ ሳትለወጥ ትመላለሳለች፤ የሚለወጠው ቀለሟ ነው፤ የሚለውጠውም የሰው እጅ ነው።

ቅጂውን ሚውዚክ ቦክስ በተባለው የጭፈራ ቤት ይሠራ ለነበረው ለሮን ሃርዲ ሰጡት። ዲጄ ፒየር ከዚያ በኋላ ደጋግሞ እንደተረከው፣ ሃርዲ ያንኑ ሙዚቃ በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ አጫወተው። በመጀመሪያው ጊዜ ጨፋሪው መድረኩን ጥሎ ወጣ፤ በአራተኛው ግን እንደ እብድ ሆነ። ሙዚቃው በ1987 "አሲድ ትራክስ" በሚል ርእስ በሸክላ ታተመ፤ ርዝመቱም 11 ደቂቃ ያልፋል። ለመምህር የሚሆን ቁም ነገር ያለው ከሸክላው ይልቅ በአራቱ ጊዜያት ላይ ይመስለናል። ስንቱን ነገር በመጀመሪያው ማዳመጥ ጥለን ወጥተናል!

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሙዚቃው ለንደን ገባ። ዳኒ ራምፕሊንግ ሹም የሚባለውን የጭፈራ ቤት በአንድ የስፖርት ማዘውተሪያ ውስጥ ከፈተ። በ1988 የበጋ ወራት ነገሩ የወጣቱ ሁሉ ሆነ። የእንግሊዝ ሕግ የጭፈራ ቤቶችን በጊዜ ያዘጋ ስለነበር ጭፈራው ወደ ባዶ መጋዘኖች፣ ከዚያም ወደ ሜዳ ወጣ፤ ሬቭ የሚባለውም ይኸው ነው። በግንቦት 1992 ካስልሞርተን በተባለ የገጠር መስክ ከ20,000 የማያንስ ሰው ለቀናት ሰፍሮ ጨፈረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የ1994 ሕግ ለፖሊስ እንዲህ ያለውን ስብሰባ የመበተን ሥልጣን ሲሰጥ፣ ሙዚቃውን በተደጋጋሚ ምቱ ለይቶ ጠቅሶታል። ኤክስታሲ የተባለው እንክብል በዚያ ጭፈራ ውስጥ ሰፊ ቦታ ነበረው፤ ሕይወታቸውን ያጡበት ወጣቶችም አሉ። ተማሪዎቻችን ይህን ከሌላ ከሚሰሙት ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል።

"ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?" የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እስኪ ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ታውጆ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ክልክል ነበር። በዚያን ጊዜ የሠሩ ሙዚቀኞች እንደሚያወሱት፣ የጭፈራ ቤቶቹ በራቸውን ይቆልፉና የገባው ሰው ንጋት ላይ እስኪከፈት ድረስ እዚያው ሲጨፍር ያድራል። የእንግሊዙ ሕግ ጨፋሪውን ከከተማ ወደ ሜዳ አባረረ፤ የእኛው ደግሞ ከመንገድ አባርሮ ከውስጥ ቆለፈበት። ሁለቱም ያላሰቡትን ረጅም ሌሊት ፈጠሩ። ይህን ስንል ያን ዘመን ለማስዋብ አይደለም። በ1977 እና በ1978 ከተቆለፈው በር ውጭ ምን ይደረግ እንደነበር ወላጆቻችን ያውቁታል።

በዚያ ሌሊት ከተጫወቱት መካከል በሂልተን ሆቴል ይሠራ የነበረው የዋልያስ ባንድና የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ይገኛሉ። "ቼ በለው" የተሰኘው የ1977 ሸክላቸው ዘፋኝ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የሚሄድ ነው። ንጋት እስኪሆን መድረክ ላይ የሚቆይ ባንድ ሁሌ ዘፋኝ አይጠብቅም፤ ዜማውን ማስረዘም፣ መመላለስ፣ ማዘግየት ይማራል ብለን እንገምታለን። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ለጉዞ ሲሄድ ኃይሉና ጥቂት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። በ1985 ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። ባንድ የለም። በልጅነቱ የተማረውን አኮርዲዮን ያዘ፤ የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሙግ የተባለውን ሲንተሳይዘር ጨመረ፤ የከበሮውን ቦታ ለምት መኪና፣ ዛሬ ድረም ማሽን ለምንለው፣ ሰጠው። "ሸሞንሟናዬ" በዚያ ካሴት ውስጥ ይገኛል። ካሴቱን ደጋግመን ያዳመጥነው የምት መኪናው ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ነው። መኪናው ደረቅ ነው፤ አይናወጥም፤ አይደክምም። ኃይሉም ሊደብቀው አልሞከረም። አኮርዲዮኑ ግን በዚያ በማይነቃነቅ ምት ላይ ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ እንደ እንጉርጉሮ ይንቀጠቀጣል። ከበሮ መቺ ቢኖር ኖሮ ሁለቱ ይተጋገዙ ነበር፤ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ይጠብቀው ነበር። መኪናው አይጠብቅም። የአኮርዲዮኑ ሰውነት የጎላው፣ ናፍቆቱም የተሰማን፣ የማይጠብቅ ነገር አጠገቡ ስለቆመ ነው። የካሴቱ ክፍሎች ሁሉ እኩል ናቸው አንልም፤ ሲንተሳይዘሩ የሌላ መሣሪያ ካባ ሊደርብ የሚሞክርባቸው ቦታዎች ዛሬ ሲሰሙ አርጅተዋል። ሲንተሳይዘር መሆኑን ሳያፍር የሚጮኽባቸው ግን አላረጁም።

ኃይሉ ከቺካጎ ወሰደ፣ ቺካጎም ከኃይሉ ሰማ ማለታችን አይደለም። ካሴቱ "አሲድ ትራክስ" ከመታተሙ ሁለት ዓመት ይቀድማል። በ1982 ደግሞ ቻራንጂት ሲንግ የተባለ የቦምቤይ ሙዚቀኛ ያችኑ ቲቢ-303 ይዞ የሕንድን ራጋዎች በዲስኮ ምት ቀርጾ ነበር፤ ሰሚ ያገኘው በ2010 እንደገና ሲታተም ነው። የኃይሉም ካሴት ዕጣ ከዚህ አይርቅም። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። በዚያን ጊዜ ኃይሉ በዋሽንግተን አየር ማረፊያ የታክሲ ሾፌር ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። በ2018 "ላላ በሉ" የተባለ አዲስ ሥራ ይዞ ተመለሰ።

በአገራችን የኪቦርድ ዘመን ሲባል ብዙ ሽማግሌ ሙዚቀኛ ፊቱ ይጠቁራል። ሐዘናቸው እውነት አለው። ስምንት ሰው ይበላበት የነበረውን ማዕድ አንድ ሰው ወሰደው፤ ትራምፔት መንፋት የሚችል ልጅ እየጠፋ ሄደ። ሙሉ ባንድ ከፋይ ይፈልጋል። እዚያው ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የብሔራዊ ራዲዮው ባንድ ግሩፕ አርቴዴ ሳክስፎኑንም ጊታሩንም ይዞ ቆይቶ በ2020 ለዓለም ገበያ አልበም ሊያወጣ የቻለው መንግሥት ስለያዘው ነው። የካርቲየ 6 ሙሽራ አባት ግን ስምንት ሙዚቀኛ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ስለዚህ በኪቦርዱ መምጣት ላይ ፍርድ ለመስጠት አንቸኩልም። የምንወቅሰው ማስመሰሉን ነው። ጡሩምባ ነኝ የሚል ኪቦርድ ሁልጊዜ ከጡሩምባ ያንሳል።

"ድግግሞሹ አሰልቺ ነው" የሚለውም ክስ ከእኛ አፍ ሲወጣ ያስገርማል። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ዝማሜው በዝግታ ተጀምሮ፣ ከበሮው ገብቶ፣ ያው ቃል እየተመላለሰ እየፈጠነ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ያውቃል። የወሎን መንዙማ ከድቤው ጋር ሌሊቱን ያዳመጠም እንዲሁ። ቅዱሱን ከጭፈራው ማስተካከላችን አይደለም፤ ጆሯችን መመላለስን ከጥንት የለመደ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ይህን ካስተዋሉት ወጣቶች መካከል "የአራዳ ልጅ"ን በ2014፣ "ዘላለም"ን በ2016 ያወጣው ሚካኤል ሰይፉና በ2014 "ቅን ሰው"ን ያቀረበው እንደገና ሙሉ ይገኙበታል። እንደገና ሙሉ ሥራውን "ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ" ይለዋል። የባህል መሣሪያዎቻችንን ድምፅ ይቆርጡታል፣ ያጥፉታል፣ በኮምፒዩተር ምት ላይ ይዘረጉታል። አንዳንዱ ሥራቸው ከጭፈራ ይልቅ ለብቻ ለተቀመጠ አድማጭ የተሠራ ስለሚመስል ሙቀት ይጎድለዋል እንላለን። የሚያሳዝነን ግን እነዚህን ሥራዎች ያሳተሙላቸው የዋሽንግተንና የኒው ዮርክ አሳታሚዎች መሆናቸው ነው። በትምህርት ቤቶቻችን የሙዚቃ ክበብ ስማቸው ሲነሳ አልሰማንም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ ይህ ሁሉ ሒስ ሐሰት ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ አንድ ሠልጣኝ ለሥነ ጥበብ ትምህርት የተሰጠውን የቤት ሥራ በስልኩ ሠርቶ አመጣ። የእናቱን የወፍጮ ቤት ድምፅ ቀርጾ በምት አስይዞታል፤ ወፍጮው ይጀምራል፣ ይፈጥናል፣ እህሉ ሲያልቅ ድምፁ ይቀጥናል። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳናዳምጥ "የራስህን ሥራ አምጣ" ብለን መለስንለት። በነጋታው በክራር የተለመደ አንድ ዜማ ተጫውቶ ጥሩ ነጥብ አገኘ። ዛሬ ወረዳ ላይ ያስተምራል፤ ያን የወፍጮ ሙዚቃ ያለው እንደሆነ እንዲልክልን በቅርቡ ጽፈንለታል። "ስልኩ ተሰብሮ ጠፍቷል" ሲል መልሶልናል።

ወደ ካርቲየ 6 ሠርግ እንመለስ። ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ መብራት ጠፋ (የጅቡቲ መብራት ከ2011 ወዲህ አብዛኛው ከእኛው አገር የሚሄድ ስለሆነ ባልደረባችን በዚህ እንኳ ተቀለደበት)። ኪቦርዱ በዘፈኑ መካከል ድርግም አለ። ሴቶቹ ግን አላቋረጡም፤ ምቱን በጭብጨባ ተቀበሉት፤ አንዲት እናትም ባዶ ጀሪካን ገልብጠው ይመቱ ጀመር። እንዲህ ሩብ ሰዓት ያህል ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ልጁ ቶሎ ብሎ መኪናውን ቢያስነሳውም አልገጠመም፤ ሴቶቹ በመሐሉ አፍጥነውት ኖሯል። አንድ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ ሴቶቹ አዘንብሎ፣ ጭብጨባቸውን እስኪያገኘው ድረስ ምቱን ቀስ በቀስ ከፍ ሲያደርግ አየነው። ባልደረባችን በዚያች ሰዓት ተነሥቶ ከሚጨፍሩት ጋር ገብቶ ነበር።