«ማፍያ»፣ «መጫን»፣ «ላይ»፦ ስለ አንድ የማንደጃ መመሪያ ትርጉም

የሙያ ቃል የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ሳይሆን ሥራው በሚሠራበት ስፍራ ነው። ይህን የምንለው ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን ነው። በደባርቅ ለሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የተዘጋጀ የመመሪያ ትርጉም ለእርማት በቀረበልን ጊዜ፣ «ማንደጃውን በማፍያው ላይ ይጫኑ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያለ ተቃውሞ አሳልፈነው ነበር። ስሕተቱ የታወቀን መሣሪያውን የሚገጥመው ባለሙያ «በየት በኩል ነው የሚጫነው?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ ነው። ሰዋስው አልጎደለውም፤ ሆኖም ከአራቱ ቃላት ሦስቱ ያሳስታሉ።

ከ«ማፍያ» እንጀምር። የእንግሊዝኛው ስም ከማፍላት ቢወጣም፣ ቤት የሚያሞቀው መሣሪያ ውሃን ያሞቃል እንጂ አያፈላም። ውሃው በውስጡ ቢፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ግፊት ያይላል፤ አደጋ ይከተላል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፣ በክፍት ዕቃ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። «ማፍያ» ብሎ ሰይሞ «እንዳይፈላ» ብሎ ማስጠንቀቅ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው። ስለዚህ «ማሞቂያ» እንበለው፤ «ማፍያ» እንፋሎት ለሚያመነጨው ይቆይ። ባለሙያው «ቦይለር» ቢልም አንነቅፈውም።

«መጫን» ደግሞ በደባርቅና በዳባት ጆሮ የበቅሎና የአህያ ቃል ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ ጓዙ በበቅሎ ይጫናል፤ ጭነቱም ከላይ ያርፋል። «ላይ» የሚለው ቃል ይህንኑ ሥዕል ያጸናዋል። በቤታችን ድስት በጉልቻ ላይ ይጣዳል፤ እሳቱ ከሥሩ ነው። ማንደጃ ግን ከላይ የሚያርፍ ጭነት አይደለም። መመሪያው በሚመለከተው መሣሪያ፣ አፈሙዙ ከፊት በኩል ወደ እሳቱ ክፍል ገብቶ ከበሩ ጋር በቡሎን ይታሰራል።

እኛ የምናቀርበው «ማንደጃውን ከማሞቂያው የፊት በር ጋር ይግጠሙ» የሚለውን ነው። «ግጥም አድርጎ ዘጋ» ሲባል ክፍተት አልተወም ማለት ነው፤ የደኅንነቱም ምሥጢር ይኸው ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነዳጁ ይዘጋል፤ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። በበሩና በማንደጃው መካከል ሙቀት የሚችል ጓርኒሲዮን ይገባል፤ ቡሎኖቹ በመስቀለኛ ተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ። ክፍተት ቢቀር ትኩስ ጋዝ ያመልጣል፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ክፍሉ ሊገባና የተኛን ሰው ሊገድል ይችላል።

«ቡሎን» እና «ጓርኒሲዮን» ከጣልያንኛ ስለ መጡ በአዲስ ቃል ይተኩ የሚሉ ወገኖች ይኖራሉ። ጋራዡ የሚያውቀውን ቃል ነጥቆ የማያውቀውን መስጠት፣ በዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ፣ ቋንቋን ማበልጸግ አይደለም። «ሥዕሉ ያስረዳል» የሚል መከራከሪያም ይቀርብ ይሆናል። ሥዕሉና ጽሑፉ ሲጋጩ ግን የትኛውን እንደሚያምን የሚወስነው መፍቻ የጨበጠው ሰው ብቻውን ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። በመመሪያ ትርጉም ግን የአንዲት ቃል መለዋወጥ ማድቤቱን ሊያቃጥል ይችላል። መዝገበ ቃላት ቃልን ከቃል ያገናኛል፤ መመሪያ ግን እጅን ያዛል። ስለዚህ ተርጓሚም ሆነ አራሚ የመጨረሻውን ረቂቅ ከመሣሪያው ፊት ቆሞ፣ ለሚገጥመው ሰው ጮክ ብሎ ሊያነብለት ይገባል። እኛ ይህን አላደረግንም ነበር።