ስሙን ገልብጦ ድንጋዩን ያለፈው ሰው

ዝናብ የሚያጠፋው መረጃ እጃችሁ ላይ ቢኖር መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ትገለብጡታላችሁ፣ አይደል? ስኮትላንዳዊው አንድሩ ጀርቪስም ያደረገው ይህንኑ ነው። የብሪኪን ከተማ ሰው ሲሆን፣ ሥራው የልደትና የሞት መዝገቦችን መመርመር ነበር። በየአጥቢያው እየዞረ በመቃብር ድንጋዮች ላይ የተቀረጹ ጽሑፎችን ሰበሰበ። ስብስቡ በሁለት ቅጽ ታተመ፤ የመጀመሪያው በ1875 እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛው እሱ ከሞተ በኋላ በ1879።

የመጽሐፉ ጥንካሬ ግልጽ ነው። ጽሑፎቹን በየአጥቢያው ከፋፍሎ፣ ሟቹ ማን እንደነበረና ቤተሰቡን ጭምር ያብራራል። ዛሬ ድንጋዩ ቢላጥ እንኳ ስሙ አለ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እንደ ዳታ ስታዩት ግን ሁለት ክፍተት አለው። አንደኛ፣ ጀርቪስ የሳበውን መረጠ እንጂ ሁሉንም ድንጋይ አልገለበጠም። ድንጋይ ማቆም ያልቻለ ድሃ ደግሞ ከመነሻውም የለበትም። ስለዚህ “የአካባቢው ሰው እንዲህ ነበር” ለማለት አይበቃም። ሁለተኛ፣ ቃሉን አነበበ እንጂ ድንጋዩን አልለካም።

ይሄ ለምን ያስቆጫል? በ1880 የጂኦሎጂ ባለሙያው አርቺባልድ ጊኪ በኤደንብራ መቃብሮች ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ድንጋዩ ላይ ዓመተ ምሕረት ስላለ ስንት ዓመት ዝናብ እንደመታው ይታወቃል። በነጻ የተገኘ ሙከራ በሉት። በከተማው አየር የእብነ በረድ ጽሑፍ መቶ ዓመት ሳይሞላው ሊጠፋ እንደሚችል አየ። ከከሰል ጭስ የሚመጣው ሰልፈሪክ አሲድ የድንጋዩን ካልሲየም ካርቦኔት ወደ ጂፕሰም ይለውጠዋል፤ በዚህም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ በ1799 የሞተው የኬሚስቱ የጆሴፍ ብላክ መታሰቢያ ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለይቶ ያጠናው ብላክ ነው! የገዛ መታሰቢያው ያንኑ ጋዝ እየለቀቀ ተበላ።

ጊኪ ድንጋዩ ለምን እንደሚጠፋ ነገረን፤ የጠፋ ስም ግን አይመልስም። ጀርቪስ ስሙን አተረፈ፤ ድንጋዩ በእሱ ዘመን ምን ያህል ተበልቶ እንደነበር ግን በቁጥር አልተወልንም። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር አንድ መስመር ይበቃው ነበር፦ የድንጋዩ ዓይነት፣ የፊደሉ ጥልቀት፣ የታየበት ቀን። ያ ቢኖር ዛሬ ሄደን ድጋሚ ለክተን የ150 ዓመት ለውጥ እናይ ነበር። እናንተም የድሮ ጽሑፍ ፎቶ ስታነሱ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ።